ከአስፋልት ሥር እስከ ካቴድራል፦ የንጉሥ ሪቻርድ ሣልሳዊን አፅም ዱካ የተከተለ የጉዞ ማስታወሻ

ሰኞ፦ ሌስተር

ከለንደን ሴንት ፓንክራስ ጣቢያ የተነሳ ባቡር ሌስተር ለመድረስ ከአንድ ሰዓት ብዙም አያልፍም። ከጣቢያው ወጥቶ በግራንቢ ስትሪት ወደ መሃል ከተማ የሚራመድ ሰው በሩብ ሰዓት ግድም ግሬይፍራየርስ ሰፈር ይገባል። ላይ ላዩን ሲያዩት ዓይን የሚይዝ ነገር የለውም። የጡብ ቤቶች፣ ቢሮዎች፣ ጠባብ መንገዶችና የመኪና ማቆሚያዎች ናቸው። የእንግሊዙ ንጉሥ ሪቻርድ ሣልሳዊ ከ1485 እስከ 2012 ድረስ ተቀብሮ የኖረው ግን እዚሁ ነው። (ቀኖቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሪቻርድ ዙፋን ላይ የቆየው ሁለት ዓመት ከጥቂት ሳምንታት ብቻ ነው። ኦገስት 22 ቀን 1485 በቦስወርዝ ከሄንሪ ቱዶር ጦር ጋር ሲዋጋ በ32 ዓመቱ ወደቀ። በጦር ሜዳ የተገደለ የመጨረሻው የእንግሊዝ ንጉሥ እሱ ነው። በእኛ አገር ዐፄ እስክንድር ነግሠው የነበሩበት ጊዜ መሆኑ ነው። ሬሳው ራቁቱን በፈረስ ተጭኖ ሌስተር ገባ፤ መሞቱን ሕዝብ እንዲያረጋግጥ ለጥቂት ቀናት ለዕይታ ተጋድሞ ቆየ፤ ከዚያም በፍራንሲስካውያን መነኮሳት ቤተ ክርስቲያን ያለ ወግ ያለ ሥርዓት ተቀበረ።

አብዛኛው ጎብኚ በቀጥታ ወደ መቃብሩ ይሮጣል። እኛ ግን መጀመሪያ የጽሑፍ ማስረጃውን ይዞ ከተማውን መዞር ይሻላል እንላለን፤ ቆፋሪዎቹ የት እንደሚቆፍሩ የነገራቸው ወረቀት ነውና። የዋሪኩ ዜና ጸሐፊ ጆን ሩስ ንጉሡ በሞተ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሲጽፍ፣ ሌስተር ባለው የመነኮሳቱ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ማሕሌት በሚቆምበት ክፍል መቀበሩን መዝግቧል። ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር ዋጋው ትልቅ ነው። ከተማውን ብቻ ሳይሆን ሕንጻውን፣ ከሕንጻውም ክፍሉን ይጠቁማል። በቦስወርዝ ድል አድርጎ ሄንሪ ሰባተኛ ተብሎ የነገሠው ሄንሪ ቱዶር በ1490ዎቹ መጀመሪያ አጋማሽ መቃብሩ ላይ የአልባስጥሮስ ሐውልት አሠራ። በ1538 ገዳሙ ተዘጋ፤ ሕንጻው ፈረሰ፤ ድንጋዩም ለሌላ ግንባታ ተወሰደ። በ1612 ደግሞ አንድ እማኝ በቦታው በተተከለው የአትክልት ስፍራ ውስጥ ሦስት ጫማ ቁመት ያለው የድንጋይ ዓምድ አየ፤ የንጉሡ ሥጋ እዚህ እንዳረፈ ተጽፎበታል። የአትክልቱ ባለቤት የከተማው ከንቲባ የነበረው ሮበርት ሄሪክ ነው።

ነገሩ በዚህ ቢያልቅ መልካም ነበር። ካርታ ሠሪው ጆን ስፒድ ግን በ1611 ባሳተመው ታሪክ አፅሙ ከመቃብር ወጥቶ ጠፍቷል የሚለውን ወሬ አሰራጨ። ስፒድ የሌስተርን ካርታ ሲሠራ የፍራንሲስካውያኑን ገዳም የዶሚኒካውያኑ በነበረበት ቦታ ላይ አስቀምጦታል፤ ስለዚህ የፈለገው በተሳሳተ ቦታ ሳይሆን አይቀርም። ወሬው እያደገ ሄዶ አፅሙ ሶር ወንዝ ውስጥ ተጣለ ተባለ። ከግሬይፍራየርስ ወደ ምዕራብ ጥቂት ተራምዶ ቦው ብሪጅ የሚባለው ድልድይ ጋ ሲደርሱ፣ የንጉሡ አፅም እዚህ አጠገብ እንዳለ የሚናገረው በ1856 የተለጠፈ ሰሌዳ ይታያል። ሰሌዳው ስሕተት ነው፤ ሆኖም ባይነሳ ጥሩ ነው። አንድ ያልተጣራ ወሬ ስንት ዘመን ሰውን ከትክክለኛው ቦታ እንዳራቀ በዓይን የሚታየው እዚያ ነው። በመንገድ ላይ ዲ ሞንትፎርት ዩኒቨርሲቲ ሆውቶርን በሚባለው ሕንጻው ሥር የአንድ የመካከለኛው ዘመን ቤተ ክርስቲያን ቅስቶች ጠብቆ ይዟል። ሬሳው ለዕይታ የተጋደመው በዚያ እንደነበር ይታመናል።

ማክሰኞ፦ የመኪና ማቆሚያው

የሪቻርድ ሣልሳዊ የጎብኚዎች ማዕከል የተከፈተው ጁላይ 2014 ነው። ያረፈው በቀድሞ የትምህርት ቤት ሕንጻ ውስጥ ሲሆን፣ መቃብሩ በመስታወት ወለል ተሸፍኖ እዚያው ይገኛል። ሙሉ ቀን መመደብ ይገባል።

ቁፋሮውን የገፋችው ጸሐፊዋ ፊሊፓ ላንግሊ ናት። ቁፋሮውን ያካሄደው የሌስተር ዩኒቨርሲቲ የአርኪዮሎጂ አገልግሎት ሲሆን በሪቻርድ ባክሊ ይመራ ነበር። ቦታው ደግሞ የከተማው ምክር ቤት ንብረት ነው። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ብዙ ጊዜ ሳይወሳ ይታለፋል፤ ዓርብ ዕለት ግን መልሰን እንፈልገዋለን። ከቁፋሮው አስቀድሞ በ2011 መሬቱ በራዳር ተፈትሾ ነበር፤ ራዳሩ ግን የገዳሙን ግድግዳ ለይቶ ማሳየት አልቻለም። የከተማ መሬት እንዲህ ነው። የቧንቧው፣ የኬብሉና የፍርስራሹ ምልክት ከሥር ያለውን ይውጠዋል።

ኦገስት 25 ቀን 2012 የመጀመሪያው ቦይ ተከፈተ። 30 ሜትር ገደማ ይረዝማል፣ ስፋቱ 1.6 ሜትር ነው፤ የተቆፈረውም ከሰሜን ወደ ደቡብ ነው። አቅጣጫው ታስቦበታል። ቤተ ክርስቲያን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ስለሚሠራ፣ ከሰሜን ወደ ደቡብ የሄደ ቦይ ረጃጅሞቹን ግድግዳዎች አቋርጦ ማለፉ አይቀርም። ከሰሜኑ ጫፍ 5 ሜትር ያህል ላይ፣ 1.5 ሜትር ግድም ጥልቀት ውስጥ፣ የሰው እግር አጥንት ብቅ አለ። ይህ በመጀመሪያው ቀን የሆነ ነገር ነው። ነገር ግን ማንም አልዘለለም። ገዳም ውስጥና ዙሪያ የሚቀበረው ብዙ ሰው ነው፤ አጥንቱ ከሕንጻው ውስጥ ይሁን ከውጭ ገና አይታወቅም። ስለዚህ ተሸፍኖ ተተወ፣ ሥራው ቀጠለ። በእኛ አስተያየት የሙሉው ቁፋሮ ትልቁ ብልኅነት ይህ ትዕግሥት ነው።

ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት የተሠራው የግድግዳ ፍለጋ ነው፤ ግድግዳ ግን የለም። ድንጋዩ ከ1538 በኋላ ተነቅሎ ስለተወሰደ የቀረው ግድግዳው የነበረበት ጉድጓድ፣ እሱም በኖራና በፍርስራሽ የተሞላ ነው። ቆፋሪው የሚያነበው ይህን የአፈር ቀለም ልዩነት ነው፤ ጥቁር የአትክልት አፈር እዚህ ያበቃል፣ ነጣ ያለ ፍርስራሽ ከዚህ ይጀምራል። ጎን ለጎን በተከፈተው ሁለተኛ ቦይ ውስጥ ግድግዳው ሥር የድንጋይ መቀመጫ ያለው ክፍል ተገኘ፤ መነኮሳቱ የሚሰበሰቡበት አዳራሽ ነው። አጠገቡም የገዳሙ ግቢ መተላለፊያ ወጣ። የገዳም ሕንጻ አሠራር ሥርዓት ስላለው፣ አዳራሹና መተላለፊያው ከታወቁ ቤተ ክርስቲያኑ በየት በኩል እንደሚሆን መገመት ይቻላል። ሦስተኛው ቦይ በአጎራባቹ ግቢ ተከፍቶ ግምቱን አረጋገጠ። ያን ጊዜ ነው በመጀመሪያው ቀን የታየው አጥንት ማሕሌት ከሚቆምበት ክፍል ውስጥ መሆኑ የታወቀው። ጆን ሩስ ያለው ቦታ ማለት ነው።

በእንግሊዝ አገር የሰው አፅም ያለ ፈቃድ አይወጣም። ከፍትሕ ሚኒስቴር ፈቃድ ከመጣ በኋላ፣ ሴፕቴምበር 4 እና 5 አፅሙ ወጣ። ያወጡት ሰዎች ሙሉ ነጭ ልብስ፣ ጓንትና የአፍ መሸፈኛ ለብሰው ነው፤ አንድ ጠብታ ምራቅ ወይም ላብ የቆፋሪውን ዲኤንኤ አጥንቱ ላይ ሊያሳርፍ ይችላልና።

አሁን በመስታወቱ ውስጥ ወደ ጉድጓዱ ይመልከቱ። የመጀመሪያው የሚያስደነግጥ ነገር ጉድጓዱ ማጠሩ ነው። በሌስተር የተገኙ የዚያ ዘመን መቃብሮች ጎናቸው ቀጥ ብሎ፣ ወለላቸው ተስተካክሎ፣ ልክ ተወስዶ የተቆፈሩ ናቸው። ይህኛው ጎኑ የተንሸራተተ፣ ወለሉ የተሰረጎደ ነው። ለሰውየው ቁመት ስላልበቃ ራሱ ከጉድጓዱ ጥግ ጋር ተደግፎ ወደ ላይና ወደ ፊት ዘንበል ብሎ ነበር። በዚህ ምክንያት የራስ ቅሉ ከእግሮቹ ደረጃ ከፍ ብሎ ተገኘ፤ እግሩን አይቶ የራሱን ጥልቀት የሚገምት ቆፋሪ በቀላሉ ሊሳሳትበት የሚችል ነው። የሬሳ ሣጥንም ሆነ የመግነዝ ምልክት አልተገኘም። እጆቹ ዳሌው ላይ ተደራርበው ስለነበር ታስረው ሊሆን ይችላል። የእግር መዳፎቹ የሉም፤ በኋለኛው ዘመን የተሠራ ግንባታ ቆርጦ ወስዷቸዋል። ያ ግንባታ ጥቂት ወደ ሌላ አቅጣጫ ቢሄድ ኖሮ የራስ ቅሉም ይጠፋ ነበር።

አከርካሪው መሃል አንድ የብረት ቁራጭ ተገኝቶ ለጥቂት ጊዜ የቀስት ጫፍ መስሎ ነበር። በኤክስሬይ ሲታይ የሮማውያን ዘመን ምስማር ሆነ። ከንጉሡ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም፤ ሌስተር የሮማውያን ከተማ ስለነበረች የመቃብሩ አፈር ውስጥ አብሮ የገባ ነው። አንድ የሚያምር ታሪክ በአንድ ፎቶግራፍ ፈረሰ፤ እንዲህ መሆኑም ደግ ነው።

ከሰዓት በኋላ ያለው ጊዜ ለአጥንቱ ምርመራ ነው። በባለ ሦስት አውታር (3D) ኅትመት የተሠራው የአፅሙ ቅጂ እዚያ ስላለ ፊት ለፊት ቆሞ መከተል ይቻላል። አፅሙ የወንድ ነው፤ ዕድሜው በ30 እና በ34 መካከል ይገመታል። አከርካሪው ወደ ቀኝ ክፉኛ የተጣመመ ነው። መጣመሙ በሽታ ሆኖ የጀመረው ከ10 ዓመት ዕድሜ በኋላ ሲሆን፣ ሳይጣመም ቢቀር ቁመቱ 1.73 ሜትር ያህል በሆነ ነበር። በሕይወት ሳለ የነበረው የአንድ ትከሻ ከሌላው ከፍ ማለት ነው። የኋለኞቹ ጸሐፊዎች የለጠፉበት ጉብታና የሰለለ ክንድ አፅሙ ላይ የለም።

ቀጥሎ የዕድሜ ልኬቱ መጣ፤ ችግርም ይዞ መጣ። የጎድን አጥንት ናሙናዎች ኦክስፎርድና ግላስጎ አካባቢ ወዳሉ ሁለት የራዲዮካርቦን (በአጥንት ውስጥ የቀረውን ካርቦን ለክቶ ዕድሜ የሚያወጣ) ቤተ ሙከራዎች ተላኩ። የመጀመሪያው ውጤት ከ1485 ቀደም ያሉ፣ ከ15ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የማያልፉ ዓመታትን አሳየ። ላልገባው ሰው ይህ «ንጉሡ አይደለም» ማለት ነው። ምክንያቱ ግን በማዕዱ ላይ ነበር። በባሕር ውስጥ ያለው ካርቦን ከአየሩ ይልቅ ያረጀ ስለሆነ፣ የባሕር ዓሣ አብዝቶ የሚበላ ሰው አጥንቱ ከዕድሜው በላይ ያረጀ መስሎ ይለካል። በአጥንቱ ውስጥ ያለው የናይትሮጂንና የካርቦን አይሶቶፕ (የአንድ ንጥረ ነገር ክብደታቸው የሚለያይ ዓይነቶች) ሰውየው ብዙ ፕሮቲንና የባሕር ምግብ ይበላ እንደነበር አሳየ። ያ ተሰልቶ ሲስተካከል ውጤቱ በ95.4 በመቶ ዕድል ከ1456 እስከ 1530 ባለው ጊዜ ውስጥ ወደቀ።

አይሶቶፕን ካነሳን አንድ ነገር ልብ ይበሉ። የጥርስ ገለባ በልጅነት ከተሠራ በኋላ አይለወጥም፤ የጭን አጥንት ከሞት በፊት ያሉትን አሥርና ከዚያ በላይ ዓመታት ይይዛል፤ የጎድን አጥንት የመጨረሻዎቹን ጥቂት ዓመታት ብቻ። የብሪታንያ ሥነ ምድር ተቋም ሦስቱን አነጻጽሮ፣ ይህ ሰው በልጅነቱ ከምሥራቅ እንግሊዝ ወደ ምዕራብ መዛወሩንና በመጨረሻ ዓመታቱ ማዕዱ መበልጸጉን አገኘ። ሪቻርድ የተወለደው በምሥራቅ፣ ፎዘሪንጌይ በሚባል ቤተ መንግሥት ነው፤ የነገሠውም ሊሞት ሁለት ዓመት ሲቀረው ነው። ጥርስ የሰውን የትውልድ አገር ይዞ ይኖራል፤ ይህንን ዓርብ ዕለት እናነሳዋለን።

ዲኤንኤው በሁለት ዓይነት ተፈተሸ። የመጀመሪያው ሚቶኮንድሪያ በሚባለው የሕዋስ ክፍል ውስጥ ያለው ዲኤንኤ ነው። ይህ ከእናት ወደ ልጆች ብቻ ይተላለፋል፤ ወንድ ይቀበላል እንጂ አያወርስም። ሪቻርድ የእናቱን ቢይዝም ለልጆቹ አላስተላለፈም፤ ስለዚህ ፍለጋው በእህቱ በአን በኩል፣ ሳይቋረጥ ከእናት ወደ ሴት ልጅ በሚወርድ መስመር ሆነ። የሌስተር ዩኒቨርሲቲው ኬቨን ሹረር የዘር ሐረጉን በየትውልዱ በሰነድ አረጋገጠ፤ የዘረ መል ባለሙያዋ ቱሪ ኪንግ ጥርስና አጥንት መረመረች። ጥርስ ይመረጣል፤ ገለባው በውስጡ ያለውን ከውጭ ብክለት ይከላከላልና። የቆየ ዲኤንኤ የማውጣቱ ሥራ ዮርክና ቱሉዝ ባሉ ለዚሁ በተዘጋጁ ቤተ ሙከራዎች ተሠራ፤ ሁለት ቦታ ተለያይቶ ተሠርቶ አንድ ዓይነት ውጤት ካልመጣ የብክለት ጥርጣሬ አይወገድም። ከሁለቱ የሴት መስመር ዘሮች የአንዱ ሚቶኮንድሪያ ከአፅሙ ጋር አንድ ለአንድ ገጠመ፤ የሌላዋ በአንዲት ፊደል ብቻ ተለየ። በዚያ ርቀት ላይ አንድ ለውጥ የሚጠበቅ ነው። ዓይነቱም ብርቅ ነው፤ ከ26,000 በላይ አውሮፓውያን በተመዘገቡበት ቋት ውስጥ የሚመስለው አልተገኘም።

ሁለተኛው ዋይ ክሮሞሶም ነው፤ ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ይሄዳል። ይህኛው አልገጠመም። የሪቻርድ ቅድመ አያት አባት ከሆነው ከኤድዋርድ ሣልሳዊ የሚወርዱ ናቸው የተባሉ አምስት ሕያው ወንዶች ተፈተሹ፤ አንዳቸውም ከአፅሙ ጋር አልተዛመዱም፤ እንዲያውም አንዱ ከቀሩት አራቱም ተለየ። ብዙዎች ይህን የመታወቂያው ድክመት አድርገው ያነሱታል። አይደለም። በመካከሉ 19 የአባትና ልጅ መያያዣዎች አሉ፤ በየትውልዱ በወረቀት የተጻፈው አባት እውነተኛው ላይሆን የሚችልበት ትንሽ ዕድል አለ፤ ዕድሉ በ19ኙ መያያዣዎች ሲደማመር ግን ትንሽ አይሆንም። እናት ማን እንደሆነች ግን የሚጠፋበት አጋጣሚ ጥቂት ነው። ስለዚህ የእናት መስመር ሲገጥምና የአባት መስመር ሳይገጥም፣ የሚጠረጠረው የዘር ሐረጉ ወረቀት ነው።

ዲሴምበር 2014 በታተመው ጥናት ቱሪ ኪንግና ባልደረቦቿ የማይገጥመውን ዋይ ክሮሞሶም ጭምር ከተቃራኒ ወገን አስገብተው አሰሉ። አፅሙ የሪቻርድ የመሆኑ ዕድል ከ99.999 በመቶ በላይ ሆነ። ቁጥሩን የሠራው ዲኤንኤው ብቻ አይደለም፤ ቦታው፣ ዘመኑ፣ ዕድሜው፣ ጾታው፣ አከርካሪውና ቁስሉ አብረው ገብተዋል። «በዲኤንኤ ታወቀ» የሚለው የዜና ርዕስ ግማሽ እውነት ነው። ያንኑ ዲኤንኤ ሌላ ከተማ፣ ያልታወቀ መቃብር ውስጥ ቢያገኙት ኖሮ፣ የዚያ የእናት መስመር ሌላ ዘመድ ሊሆን ይችላል የሚለው ጥያቄ በቀላሉ አይዘጋም ነበር።

ረቡዕ፦ ቦስወርዝ

መኪና ያስፈልጋል፤ ከሌስተር ወደ ሜዳው የሚሄድ ባቡር የለም። የመታሰቢያ ማዕከሉ አምቢየን ሂል ላይ ነው፤ ሰንደቅ ዓላማና ዘመናዊ የመታሰቢያ ሐውልት አለው፤ ለዘመናት ውጊያው የተደረገው እዚህ ነው ሲባል ኖሯል። አይደለም። በግሌን ፎርድ የተመራ ጥናት ትክክለኛውን ቦታ ከኮረብታው 3 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ምዕራብ፣ ፌን ሌን የሚባለው መንገድ አካባቢ አገኘው፤ በ2010 ይፋ ሆነ። መንገዱ እንዲህ ነበር፦ ጥንታዊ ጽሑፎች ረግረግ ስላነሱ በመጀመሪያ የአፈሩ ዓይነትና በረግረግ ከበሰበሰ ዕፅዋት የተፈጠረው አፈር ዕድሜ ተመርምሮ በ1485 ረግረግ የነበረው ተለየ፤ ከዚያ እርሻው መስመር በመስመር በብረት መፈለጊያ ተፈተሸ። ከ30 በላይ የመድፍና የትንንሽ መድፍ አረር ተገኘ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን በጣት መሃል የሚገባ በወርቅ የተለበጠ የብር የዱር አሳማ ምስል ነው። የዱር አሳማ የሪቻርድ ዓርማ ነው፤ ብር ለብሶ የሚሄድ ደግሞ ከቅርብ አጃቢዎቹ አንዱ ነው። የተገኘው በረግረጉ ዳር ነው። መሬቱ የግል እርሻ ስለሆነ መግባት አይቻልም፤ ከመንገዱ ላይ ቆሞ ማየት ይበቃል።

ቁስሉን እዚህ ቆሞ ማሰብ ይቀላል። አፅሙ ላይ በሞቱ ጊዜ የደረሱ 11 ጉዳቶች ተቆጥረዋል፤ ዘጠኙ ራስ ቅል ላይ፣ አንዱ ጎድን ላይ፣ አንዱ ዳሌ ላይ። ሁለቱ የራስ ቅሉ ሥር፣ ከማጅራት በላይ ናቸው፤ አንዱ ሰፊ ቁራጭ አንስቶ ሄዷል፤ ሰይፍ ወይም ባለ ረጅም እጀታ መጥረቢያ ነው። ከሁለቱ አንዱ ብቻ ለመግደል ይበቃል። ክንድና እጅ ላይ የመከላከል ቁስል የለም። ይህ ማለት የጦር ልብሱ ገና ገላው ላይ ነበር፣ የራስ ቁሩ ግን ወልቆ ወይም ተወስዶ ነበር። ዳሌው ላይ ያለው ከኋላ ወደ ፊት የገባ ነው፤ የጦር ልብስ ለብሶ ፈረስ ላይ የተቀመጠ ሰው እዚያ ቦታ ሊቆስል አይችልም። ስለዚህ የተወጋው ከሞተ በኋላ፣ ራቁቱን ፈረስ ላይ ተጋድሞ ሳለ ነው። የዘመኑ ጸሐፊዎች ሬሳው ተዋረደ ብለው ጽፈዋል፤ አጥንቱም ያንኑ ይላል።

በመመለሻ ላይ ሰተን ቼኒ ያለችውን ትንሿን የቅዱስ ያዕቆብ ቤተ ክርስቲያን ማየት ይቻላል። ንጉሡ የመጨረሻ ቅዳሴውን የሰማው እዚያ ነው የሚል የቆየ ትውፊት አላት።

ሐሙስ፦ ካቴድራሉ

የሌስተር ካቴድራል ከመኪና ማቆሚያው መንገድ ተሻግሮ ነው። አፅሙ እዚህ የገባው ከፍርድ ቤት ክርክር በኋላ ነው፤ ዮርክ ይቀበር የሚሉ ወገኖች ከስሰው፣ በ2014 ከፍተኛው ፍርድ ቤት የፈቃዱን ሕጋዊነት አጸና። ማርች 22 ቀን 2015 ሣጥኑ በቦስወርዝ መንደሮች በኩል ዞሮ በቦው ብሪጅ ወደ ከተማ ገባ፤ ማርች 26 ተቀበረ። ሣጥኑ የኦክ እንጨት ነው፤ ውስጡ በእርሳስ የተሸፈነ ነበር። ከተወለደበት ከፎዘሪንጌይ፣ ካደገበት ከሚድልሃምና ከፌን ሌን የመጣ አፈር ተጨመረ። መቃብሩ ከሥር ጥቁር ድንጋይ፣ ከላይ ስዋልዴል ከሚባለው ሸለቆ የመጣ ነጣ ያለ ድንጋይ ነው፤ መስቀል በጥልቀት ተቆርጦበታል። ቀረብ ብለው ካዩት ድንጋዩ ውስጥ የባሕር ፍጥረታት ቅሪት ይታያል። ግማሽ ቀን ይበቃል።

ዓርብ፦ ዊንድዘር

ከሌስተር ወደ ለንደን ተመልሶ፣ ከፓዲንግተን በስላው በኩል ዊንድዘር መድረስ ይቻላል። የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን በቤተ መንግሥቱ ግቢ ውስጥ ነው። የሪቻርድ ታላቅ ወንድም ኤድዋርድ አራተኛ እዚህ ተቀብሯል፤ በ1789 ወለል ሲጠግኑ የነበሩ ሠራተኞች መቃብሩን ከፍተው በእርሳስ ሣጥን ውስጥ አፅሙን አግኝተዋል፤ 1.90 ሜትር ያለፈ ረጅም ሰው ነበር። ከሪቻርድ ጋር አንድ እናት ስላላቸው ሚቶኮንድሪያቸው አንድ መሆን አለበት፤ በዋይ ክሮሞሶሙ ጥያቄ ላይም አንድ ጥርስ ተጨማሪ ፍንጭ ሊሰጥ ይችል ነበር። ማንም አልወሰደም፤ ፈቃድ የለም።

ኢትዮጵያዊ ጎብኚ ወደዚህ የሚመጣበት ሌላ ምክንያት አለው። ልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስ በኖቬምበር 1879 በ18 ዓመቱ አርፎ፣ በንግሥት ቪክቶሪያ ፈቃድ እዚህ ተቀበረ፤ በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ መታሰቢያ ሰሌዳ አለው። አፅሙ ወደ አገሩ ይመለስ የሚለውን ጥያቄ ባኪንግሃም ቤተ መንግሥት በ2023 አልቀበልም ብሏል፤ ሌሎች የተቀበሩትን ሳይነኩ ማውጣት አይቻልም የሚል ምክንያት ሰጥቷል።

በዚህ ጉዞ የታየው ሁሉ ለዚህ ነገር ይሠራል። የሌሎች ሰዎች አፅም አብሮት ቢኖር፣ ልዑሉን መለየት ከሪቻርድ ይልቅ የሚከብድ አይደለም። የ18 ዓመት ወጣት የዳሌውና ደረትን ከትከሻ የሚያገናኘው አጥንቱ ጫፎች ገና ሙሉ በሙሉ አልተገጣጠሙም፤ ይህ ብቻውን ከአዋቂዎች ይለየዋል። ራዲዮካርቦን እዚህ አይረዳም፤ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ ያሉትን ዓመታት በደንብ አይለይምና። ጥርሱ ግን የሚናገር ነው፤ ገለባው በአብዛኛው የተሠራው በ1861 ከተወለደ በኋላ፣ በ1868 ከመቅደላ ሳይወሰድ በፊት፣ የኢትዮጵያን ደጋ ውኃና እህል እየበላ ሳለ ነው። እንግሊዝ ተወልዶ ካደገ ሰው በአይሶቶፕ ሊለይ ይገባል። ዲኤንኤ ካስፈለገም በእናቱ በእቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ የእናት መስመር የሚወርድ ሰው ከተገኘ ያው የሪቻርድ መንገድ ነው።

ልዩነቱ ያለው በሕጉ ላይ ነው። ሪቻርድ የከተማ ምክር ቤት ንብረት በሆነ አስፋልት ሥር ስለነበር የፍትሕ ሚኒስቴር ፈቃድ በቃው። ዊንድዘር ግን በጳጳስ ሥር ያልሆነ፣ በቀጥታ ለንጉሡ የሚጠየቅ ቤተ ክርስቲያን ነው። ስለዚህ መልሱ የመጣው ከቤተ መንግሥት ነው፤ ጥያቄውም ተመልሶ መቅረብ ያለበት እዚያው ነው። ሲቀርብም «መለየት አይቻልም» የሚል መልስ ሊሰጥበት እንደማይገባ ሌስተር አሳይታለች።

ቤተ መንግሥቱ ለጎብኚ ማክሰኞና ረቡዕ ዝግ ነው፤ እሑድ ቤተ ክርስቲያኑ ለአምልኮ ብቻ ነው። ውስጥ ፎቶ ማንሳት አይፈቀድም። ከመሄድ በፊት የሚከፈትበትን ቀን ማረጋገጥና ቲኬቱን አስቀድሞ መቁረጥ ይሻላል።